ሰረዝ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ሃውካሱዎ ረግረግ፣
ሸራ ድንኳን ተክዬ ከጥዶቹ ጥግ፣
ቁጢጥ ብያለሁ፤ ቴርሞስ በጉልበቴ፣
መነጽር ባንገቴ፣ ደብተር በደረቴ።
ሚያዝያ ነው ይላሉ። በረዶው አልሰማም።
ጣቴን ብቆነጥጠው እንጨት ነው፣ አያምም።

መጡ።
መጡ ጥቁር ቆቆች፣ ጭጋግ እየጣሱ፣
ጅራት እንደ ክራር ወደ ላይ እየመለሱ፤
ከዓይናቸው በላይ ቀይ ሥጋቸው በርቶ፣
ጉሮሯቸው እንደ ድስት ተንተክትኮ፣ ሞልቶ፣
ፎከሩ፣ ሸለሉ፣ በደረት ተገፋፉ፣
ለማይታረስ መሬት ላባ አራገፉ።

የጥናቴ ጥያቄ አጭር ነው፦ ሴቷ ማንን መረጠች?
ሌላውን አይታ፣ አይታ፣ ስለምን አለፈች?

ሴቶቹ ዘገዩ፤ ቡናማ፣ ዝምተኛ፣
ችሎት ሳይሰየም የሚፈርዱ ዳኛ።
ዞሩ፤ አዩ፤ ዞሩ፤ ደግሞም ተመለሱ፣
ከመሃሉ ጌታ፣ ካንዱ ዘንድ ደረሱ።
ሦስት ሰከንድ ነው። ሰዓቴን አየሁ።
ለእሷ ነው አራት ዓመት ከሰው የተለየሁ።

በዳር፣ ከውሃው አፋፍ፣ ሌላ አንድ አለ፣
ቢጫና ሰማያዊ እግሩ ላይ ያዘለ።
ቀለበቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ በእጄ፤
ሙሽራ ግን ከየት ላምጣለት ወዳጄ?
ካቻምና ዜሮ። አምና ዜሮ።
ግን ማልዶ ይመጣል፣ ከሁሉም ቀድሞ፣
ባዶ ረግረግ ላይ ይፎክራል ደግሞ።

ሞዴሉ ዜሮ ይወዳል። ዜሮ አይከራከርም፣
በስሙ ጥሩኝ አይልም፣ ፊት አይቶ አያፍርም።

መንገዱ ዳር ያለው ሽማግሌው ታውኖ፣
ብቻውን የሚኖር፣ ዓሣ በጢስ አጥኖ፣
ቅዳሜ ሳውናውን ለእኔም ያሞቅልኛል፤
«ጎረቤቴስ?» ብሎ ስለ ወፉ ይጠይቀኛል።
«ዜሮ» እለዋለሁ።
ዓሣውን ይገነጥላል፣ አጥንቱን ያወጣል፤
«ዜሮ ስትጽፊ» አለኝ አንዴ፣ «እጅሽ ይቀላል?»

አልመለስኩም።
ግድግዳው ላይ ሁለት ሚስማር አለ። አንድ ፎጣ።

ግንቦት በገባ በሁለተኛው፣ ጭልፊት ጥላውን ጥሎ፣
ሜዳው ባንዴ ጸዳ፣ ፎካሪ ሁሉ ጥዱ ላይ ተንጠልጥሎ።
የቀረ እሱ ብቻ። ወይ ጀግና፣ ወይ ደንቆሮ።
ያኔ ከሣሩ ውስጥ አንዲት ቡናማ መጣች፤
ዞረች አንዴ። ቆመች። ክንፏን ዝቅ አደረገች።
ትንፋሼን ዋጥሁ፤ ዋጥሁ፤ ሳላስበው ተነፈስኩ፣
መስታወቱ ደመነ፤ በእጅጌዬ ጠረግኩ፣ ጠረግኩ፣
አሁን ሳይ ሣሩ ብቻ ነው፣ ወዲያ ወዲህ ሲወዛወዝ።

ደብተሬ ላይ አንድም አልጻፍኩ፣ ዜሮም አልጻፍኩ። ሰረዝ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ሄልቪ፣ ፕሮፌሰሬ።
«አላየሁም» አልኳት። «ጭጋግ ነው ያየሁት፣ በገዛ መነጽሬ።»
«እንግዲያው ይሰረዝ።»
«ሰረዝ ነው፤ አይሰረዝ።»
ዝም አለች። ቀጥሎ ያለውን ገጽ ገለጠች።

ጽሑፌን የምከላከልበት ቀን አዳራሹ ሞላ።
እኔ ጥቁር ለብሼ፣ ተቃዋሚዬም ጥቁር፣
በመካከላችን የውሃ ብርጭቆ፣ የሚጠበቅ ድንበር።
ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደረቱን ነፋ ጥቂት፤
(ከሣቅ ያዳነኝ አምላክ ይመስገን።) «መስመር» አለ፣
«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።
ሁሉም ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ግን ጭረት አለ።
ምን ማለት ነው?»

ከኋላ ወንበር፣ ለቀብር ብቻ በሚለብሰው ኮቱ፣
ሳሙና ሳሙና እየሸተተ እስከ አንገቱ፣
ታውኖ ተነሥቶ ቆሟል፤
መዳፉን ከጆሮው ደግፎ
መልሴን ይጠብቃል።